ሥዕል በጽሑፍ መካከል የሚቆምበት ስፍራ፤ ከብራና መጽሐፍ እስከ ድረ ገጽ

መግቢያ

በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ፎቶግራፍ ሲገባ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው «ያምራል ወይስ አያምርም?» ብለን ብቻ ነው። ከየትኛው አንቀጽ ጎን ይቁም፥ ምን ያህል ይስፋ፥ ከሥሩስ ምን ይጻፍበት የሚለው ጥያቄ የአታሚው ወይም የድረ ገጹ ሠራተኛ ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ከአገራችን ታሪክ ማስረጃ እየጠቀሱ ማሳየት ነው። ሥዕል የሚቆምበት ስፍራ የትርጕሙ ክፍል ነው፤ ስፍራው ሲለወጥ እውነተኛ ሥዕል ሐሰት ሊመሰክር ይችላል።

ጥናቱን ለመጀመር ያነሣሣኝ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የደረሰ አንድ ነገር ነው፤ እርሱን በተራው እናገራለሁ። አስቀድሞ ግን ነገሩን በሦስት ዘመን ከፍሎ መመልከት ያስፈልጋል፤ ይኸውም የብራናው ዘመን፥ የማተሚያው ዘመንና የድረ ገጹ ዘመን ነው። የአገር ውስጥ ዓመታት በራሳችን አቈጣጠር፥ የውጭ አገር ዓመታት ደግሞ እ.ኤ.አ. እየተባሉ ተጽፈዋል።

1. የብራናው ዘመን

በዐድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት የግእዝ ወንጌሎች በዓለም ላይ ካሉት ባለሥዕል ወንጌሎች ሁሉ እጅግ ከቀደሙት መካከል ናቸው። ብራናቸው በራዲዮካርቦን ተመርምሮ እ.ኤ.አ. ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው ግን ዕድሜያቸው ብቻ አይደለም፤ የሥዕሎቻቸው አቀማመጥ ነው። ከሁለቱ በአንደኛው መጽሐፍ የአራቱ ወንጌላውያን ሥዕል እያንዳንዱ ከየራሱ ወንጌል በፊት ቆሟል። የቂሳርያው አውሳብዮስም ሥዕሉ የሚገኘው እርሱ ካዘጋጀው የወንጌላት ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ በፊት ነው። ሠንጠረዡ ራሱ በዐምድና በቅስት መካከል ተጽፏል፤ ቍጥሮቹ በዐምዶቹ መካከል ስለ ቆሙ ዐይን ሳይሳሳት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። እንግዲህ በዚያ ዘመን ሥዕሉ ለጌጥ ብቻ አልገባም። አንዱ «የሚናገረው ማን ነው?» ለሚለው መልስ ይሰጣል፤ ሌላው አንባቢውን መንገድ ይመራል።

ከዚያ በኋላ በተጻፉት መጻሕፍትም ይኸው ልማድ እየጠነከረ ሄዷል። በንባብ ራስጌ የሚሣለው ሐረግ አንባቢው አዲስ ክፍል መጀመሩን ከሩቅ እንዲያውቅ ያደርገዋል። በሥዕሉ አጠገብ ደግሞ አጭር ጽሑፍ ይቀመጣል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ «ሥዕለ» ወይም «ዘከመ» በሚለው ቃል ይጀምራል። «ሥዕለ» የሚለው ሥዕሉ የማን እንደ ሆነ ይናገራል፤ «ዘከመ» የሚለው ደግሞ የተሣለው ሰው ምን እንዳደረገ ወይም ምን እንደ ደረሰበት ያስረዳል። ዛሬ የፎቶ መግለጫ የምንለው ነገር በአገራችን ከጋዜጣ ጋር የመጣ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢመለከቱ መልካም ነው። የቀድሞው ሠዓሊ መግለጫውን ከሥዕሉ ጋር በአንድ ብራና ላይ ስለሚጽፈው አንዱን ከሌላው ለመለየት ቢላዋ ያስፈልግ ነበር።

የሥዕሉ አሣሣልም የታወቀ ሕግ ነበረው። ጻድቃን በሁለት ዐይናቸው ወደ ተመልካቹ እያዩ ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎናቸው፥ በአንድ ዐይን ብቻ። ስለዚህ ፊደል የማያውቅ ሰው እንኳ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ለይቶ ያውቃል። ለሕመምተኛ በሚጻፈው ክታብ ላይ ደግሞ የመላእክትና የዐይን ሥዕል በጸሎቶቹ ራስጌና መካከል ይገባል፤ ክታቡም ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር። በባለቤቶቹ እምነት ሥዕሉ ያለ ጸሎቱ፥ ጸሎቱም ያለ ሥዕሉ ሙሉ አይሆንም።

ጸሐፊውና ሠዓሊው ሁልጊዜ አንድ ሰው አልነበሩም። ጸሐፊው ለሥዕሉ ስፍራ ትቶ ያልፋል፤ ሠዓሊው በኋላ ይመጣል። ሠዓሊው ሳይደርስባቸው የቀሩ፥ ባዶ ስፍራቸው እስከ ዛሬ የሚታይ መጻሕፍትም አሉ። ይህ ባዶ ስፍራ ብዙ ያስተምራል፤ የሥዕሉ ቦታ ሥዕሉ ከመሠራቱ በፊት ታስቦ የተወሰነ እንደ ነበረ ያረጋግጥልናልና። በአንጻሩ ባለሥዕሉን ቅጠል ከመጽሐፉ ቀድዶ ለጐብኚ መሸጥ ሲለመድ በሺህ ብር የሚገዛ ነገር ግን ምን እንደሚል የማይታወቅ ሥዕል በየአገሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሥዕሉ አልጠፋም፤ የጠፋው ስፍራው ነው።

2. የማተሚያው ዘመን

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ የሚያነሡ የመሐንዲስ ወታደሮች ይዞ መጥቶ ነበር። ያው ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው ብራናዎች ሲሆኑ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የገቡት 350 ያህል ናቸው። እንግዲህ በአንድ ዘመቻ ባለሥዕሉ መጽሐፍ ከአገር ወጣ፤ ካሜራውም አገሩን ዐይቶ ተመለሰ። ሆኖም በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ከፊደል ጋር በአንድ ገጽ ላይ ሊታተም አይችልም ነበር። ምክንያቱም የእርሳስ ፊደል ቀለም ነክቶ ያትማል ወይም አያትምም፤ በጥቍርና በነጭ መካከል ያለውን ግራጫ ማሳየት አይችልም። ስለዚህ የለንደኑ ሥዕላዊ ጋዜጣ ዊልያም ሲምፕሰን የሚባል ሠዓሊ ወደ ዘመቻው ላከ፤ የእርሱም ሥዕል በእንጨት ላይ ተቀርጾ ይታተም ነበር። የለንደን አንባቢ ያየው ካሜራው ያየውን ሳይሆን በሠዓሊና በእንጨት ቀራጭ እጅ ያለፈውን ነበር።

ይህ ችግር የተፈታው ፎቶግራፉን ወደ ጥቃቅን ነጠብጣብ በመለወጥ ነው። ነጠብጣቡ ሲተልቅ ጥቍር፥ ሲያንስ ግራጫ ሆኖ ለዐይን ይታያል። በኒውዮርክ «ዴይሊ ግራፊክ» የተባለው ጋዜጣ በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1880 ፎቶግራፍ አትሟል። በእኛም ማተሚያ ቤቶች ነጠብጣቡ የተቀረጸበት ብረት «ክሊሼ» ይባል ነበር። ክሊሼው እንጨት ላይ ተመትቶ ቁመቱ ከፊደሉ ቁመት ጋር ይስተካከላል፤ ከዚያም ፊደል ለቃሚው ከለቀማቸው መስመሮች ጎን ይገባል።

በአገራችን አእምሮ የተባለው ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ የሚባዛ ነበር። የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዚሁ ስም የሚጠራው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። አዲስ ዘመን ደግሞ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ተመሠረተ። በቤተ መንግሥቱ በኩል እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አርመናዊው በድሮስ ቦያጅያን፥ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ፥ የነገሥታቱን ፎቶግራፍ በማንሣት ታውቀዋል።

ክሊሼ ማሠራት ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በአንድ ዕትም የሚገባው ሥዕል ጥቂት ነበር። ጥቂት ሲሆን ስፍራው ክብር ይሆናል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የታተሙትን ጋዜጦች ያገላበጠ ሰው የግርማዊነታቸው ፎቶግራፍ በፊት ገጽ፥ ከፍ ብሎ ሲታይ በተደጋጋሚ ያገኛል። በደርግ ዘመን የታተሙትንም ቢመለከት ያንኑ ስፍራ የሊቀ መንበሩ ፎቶግራፍ ይዞት ያየዋል። ሰውየው ተለወጠ እንጂ ስፍራው አልተለወጠም። እንግዲህ የታሪክ ተማሪ የዚያን ዘመን ጋዜጣ ሲመረምር ጽሑፉን ብቻ ገልብጦ ቢወጣ ከግማሽ ያላነሰ ማስረጃ ጥሎ ይወጣል፤ ማን በየትኛው ገጽ፥ በስንት ዐምድ ስፋት፥ ከማን በላይ እንደ ተቀመጠ መመዝገብ አለበት።

3. የመስከረም 1 ቀን ሌሊት

ስፍራ የሥዕልን ትርጕም እንደሚለውጥ በአገራችን ታሪክ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ደርሰው ያነሷቸው የረኀብ ፎቶግራፎች በዩኒቨርሲቲው ግቢ ታይተው ነበር። በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ የቀረጸው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ በውጭ አገር ብዙ ርዳታ አስነሣ።

ይኸው ፊልም በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በእንግሊዝ እንደ ታየው ግን አልነበረም። ከረኀብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፥ ኬክና የሻምፓኝ ብርጭቆ፥ ንጉሠ ነገሥቱም ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚታዩበት ምስል እየገባ ተቀናብሮ ነበር። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እዚህ ላይ በጥንቃቄ መለየት ያለበት ነገር አለ። ረኀቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱ ግን የተቀረጹት በአንድ ቀን ወይም በአንድ ስፍራ አልነበረም። የተመልካቹን ልብ የመታው አንዱ ከሌላው ጎን መቆሙ ነው። ይህን ያደረጉት ሰዎች ተመልካቹ ቀድሞውኑ ማወቅ የሚገባውንና የተደበቀውን ነገር አሳዩ ሊባል ይችላል። በሌላ በኩል አቀናባሪዎቹ ፍርዱን አስቀድመው ሰጥተው ተመልካቹን ምስክር አደረጉት ሊባልም ይችላል። በጸሐፊው አስተያየት ሁለቱም አነጋገሮች ማስረጃ አላቸው። የማያከራክረው ነገር ግን በዚያ ሌሊት በአቀማመጥ ክስ ሊመሠረት መቻሉ ነው።

4. የድረ ገጹ ዘመን

የኢንተርኔት ገጾች ሲጀመሩ በአብዛኛው ጽሑፍ ብቻ ነበሩ፤ ሥዕል ለማየት የሚፈልግ ሰው ለብቻው ከፍቶ ያያል። እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1993 ማርክ አንድሪሰን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ሥዕል በጽሑፉ መስመር ውስጥ እንዲገባ የሚያደርግ «አይኤምጂ» የተባለ ትእዛዝ አቀረበ፤ ሞዛይክ የተባለው የድረ ገጽ ማሳያም በዚያው ዓመት ይህን በሥራ አሳየ። በዚህ አሠራር ሥዕሉ እንደ አንድ ትልቅ ፊደል ሆኖ በመስመሩ ላይ ይቀመጣል። ጽሑፉ በጎኑ እንዲፈስስ፥ ሥዕሉም ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንዲጠጋ ለማድረግ የወጡት ደንቦች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሲኤስኤስ የተባለው የአቀማመጥ ደንብ ነው።

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። የግእዝ ፊደል ደግሞ በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ዝርዝር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ መካከል አማርኛን በድረ ገጽ ለማውጣት የሚሹ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ገጹን በሙሉ እንደ ሥዕል አድርገው ያወጡት ነበር። ይህን ያህል ጊዜ በሥዕልና በፊደል መካከል ልዩነት አልነበረም፤ ፊደሉ ራሱ ሥዕል ሆኖ ነበርና። ውጤቱም ሊፈለግ፥ ሊገለበጥ፥ ለማየት ለተሳነው ሰው በኮምፒዩተር ሊነበብ የማይችል ጽሑፍ ሆነ። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አራተኛው የኤችቲኤምኤል ደንብ ለእያንዳንዱ ሥዕል በቃል የተጻፈ ምትክ መግለጫ እንዲኖረው ያዘዘው። ይህ መግለጫ ማየት ለማይችል አንባቢ ድምፅ ሆኖ ይደርሳል፤ መስመር ደክሞ ሥዕሉ ሳይመጣ ሲቀርም በሥዕሉ ፈንታ ይታያል።

ድረ ገጹ ከብራናና ከጋዜጣ የሚለይባቸው ሁለት ጠባዮች ለዚህ ጥናት ዋና ናቸው።

አንደኛ፤ ገጹ ቋሚ ስፋት የለውም። በኮምፒዩተር ላይ በስተቀኝ የቆመው ፎቶግራፍ በስልክ ሲታይ ከአንቀጹ በላይ ወይም በታች ይወርዳል። ስለዚህ ጸሐፊው «በስተቀኝ በሚታየው ሥዕል» ብሎ ቢጽፍ በስልክ የሚያነብበው ሰው በስተቀኙ የሚያገኘው አውራ ጣቱን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ሥዕሉ ከመግለጫው ተለይቶ ይጓዛል። አንድ ሰው የጽሑፉን አድራሻ ለወዳጁ ሲልክ ከርእሱ ጋር አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ወጥቶ ይታያል፤ ይህ ልማድ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ተስፋፍቷል። ከፎቶግራፉ ሥር በጥንቃቄ የተጻፈው መግለጫ ግን ከገጹ ጋር ወደ ኋላ ይቀራል። የብራናው ሠዓሊ በቢላዋ ካልሆነ በቀር እንዳይለያይ አድርጎ ያያያዘውን እኛ በአንድ ጣት እንለያየዋለን። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ዓመት የተወሰዱ ፎቶግራፎች የዕለቱ ማስረጃ ተብለው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ሁላችንም አይተናል። ያ ሁሉ ቍጣ የተነሣው በሐሰት በተሠራ ሥዕል ብቻ አልነበረም፤ ያለ ስፍራው በተቀመጠ እውነተኛ ሥዕልም ጭምር ነበር።

5. በሐይቅ ዳር የደረሰው

ሐዋሳ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ጎንደር ወይም አክሱም ከካሜራ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል፤ ሐዋሳ ግን ከካሜራ በኋላ የተወለደች ስለ ሆነች ታሪኳን ከመጀመሪያው በፎቶግራፍ መከታተል ይቻላል። ነገር ግን ስለ ከተማይቱ በድረ ገጾች የሚወጡትን ጽሑፎች ብንመለከት ጕዳዩ ስለ ትምህርትም ይሁን፥ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ይሁን፥ በራስጌ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ያው የሐይቁ ዳር፥ ያው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ፥ ያው የዓሣ አንጀት የሚጠብቀው አባ ኮዳ ነው። ሥዕሉ ያምራል፤ ከጽሑፉ ጋር ግን ዝምድና የለውም። ከዚህ የተነሣ አንባቢው ሥዕልን እንደ ጌጥ ብቻ አልፎ መሄድ ይለምዳል፤ ማስረጃ የሆነ ሥዕል ሲመጣም ያልፈዋል።

እኔም ከዚህ ስሕተት ነጻ አልነበርኩም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የግድግዳ ጋዜጣ ስናዘጋጅ ሥዕሉን የምናስገባው ጽሑፉ ሲያጥር ባዶውን ለመሙላት ነበር፤ ይህ ልማድ አብሮኝ መጣ። ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር በሐይቁ የዓሣ መመናመን ላይ ጽሑፍ አዘጋጅተን በድረ ገጽ አወጣን። ዋናው ነገራችን ዐይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ገና ያላደገ ቆሮሶ እየተጠመደ ዘሩ እንደሚጎዳ ነበር። በራስጌው ያቆምነው ፎቶግራፍ አንድ አረጋዊ ዓሣ አስጋሪ በማለዳ መረባቸውን ሲዘረጉ ያነሣሁት ነው። ሰውየው የሕጋዊው ማኅበር አባል ናቸው፤ መረባቸውም የተፈቀደው ዐይነት ነው። ይህንኑ ከፎቶግራፉ ሥር በትንሽ ፊደል ጽፈን ነበር፤ ስለዚህ ጥፋት እንዳልሠራን ቈጥረን ተኛን።

ጽሑፉ ከስልክ ወደ ስልክ ሲላክ ግን የተጓዘው ርእሱና የሰውየው ፊት ብቻ ነው። ርእሱ ስለ ሕገ ወጥ መረብ ይናገራል፤ ከአጠገቡ የእርሳቸው ፊት አለ። በሳምንቱ ሐይቅ ዳር ስወርድ ጀልባቸውን አቁመው ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፥ በቀደም ፎቶ ላንሣዎት ብለህ አልነበረም?» አሉኝ።

«አዎን ጋሼ» አልኩ።

«ፊቴን ለሌባ ወሬ አዋስከው። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ልጆች ስልካቸውን እያሳዩ ሳቁብኝ።»

ከሥሩ የእርስዎን ሕጋዊነት ጽፈናል ብዬ ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱና «ይህን ማን አየው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያም ማኅበራቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን፤ ፎቶግራፉንም ከራስጌው አንሥተን ሕጋዊው አጠማመድ ከተገለጸበት አንቀጽ ጎን አቆምነው፤ በራስጌውም የጠባቡንና የሰፊውን መረብ ዐይን ጎን ለጎን የሚያሳይ ሥዕል ተካንበት። ቀድሞ የተላከው ግን ሊመለስ አልቻለም። እርሳቸው ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይነሡኝም፤ ካሜራ ይዤ ስመጣ ግን ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ያዞራሉ።

6. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ሥራ የሚሆን ጥቂት ደንብ ማውጣት ይቻላል። ፎቶግራፍ የሚቆመው ስለ እርሱ ከሚናገረው አንቀጽ አጠገብ ይሁን፤ የሚናገርለት አንቀጽ ከሌለ አይግባ። ከአንድ በላይ ሲሆን ቍጥር ይሰጠው፥ በጽሑፉም ውስጥ በቍጥሩ ይጠራ፤ ግራና ቀኝ በስልክ ላይ አይጸናምና። መግለጫው እንደ ጥንቱ «ሥዕለ» እና «ዘከመ» ሁለቱን ጥያቄዎች ይመልስ፤ ማን ወይም ምን እንደ ሆነና ምን እየተደረገ እንዳለ፥ በእኛም ዘመን የት፥ መቼና በማን እንደ ተነሣ ይጨመርበት። በራስጌ የሚቆመው ፎቶግራፍ ደግሞ ከርእሱ ጋር ብቻውን ሲታይ ማንንም የማይከስስ መሆኑ አስቀድሞ ይመርመር። የሰው ፊት ከሆነም ባለቤቱ ፎቶግራፉ እንዲነሣ ብቻ ሳይሆን በዚያ ስፍራ እንዲቆም ፈቃዱን ይጠየቅ።

በመጨረሻ ለጓደኞቼና ለመምህራን የማቀርበው አንድ አሳብ አለኝ። የሐዋሳ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፎቶግራፎች በብዛት የሚገኙት በየቤቱ አልበም ውስጥ ነው። ከብዙዎቹ ጀርባ በእጅ የተጻፈ ቀን፥ ስም ወይም የመታሰቢያ ቃል አለ። አሁን ቤተ ሰቦች እነዚህን ፎቶግራፎች በስልክ እያነሡ በድረ ገጽ ማውጣት ጀምረዋል፤ የሚያነሡት ግን ፊቱን ብቻ ነው፤ ጀርባው ይቀራል። በአልበም ውስጥ የነበራቸው ተራ፥ ማን ከማን ቀጥሎ እንደ ተለጠፈም አይመዘገብም። የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ በየሰፈራቸው እየሄዱ የፎቶግራፉን ፊትና ጀርባ፥ የአልበሙንም ገጽ ሙሉውን እያነሡ ቢያሰባስቡ ለከተማይቱ ታሪክ ትልቅ መዝገብ ይሆናል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ በሕይወት ሳሉ ግን መጀመር አለበት። እኔ በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ለመጀመር ተዘጋጅቻለሁ፤ አብሮኝ የሚሠራ ቢኖር ደስ ይለኛል።